የዐዚዚያ እህቶቻችንና የኤች አይ ቪ አደጋ፦ ተጠያቂው ማነው?

በማኅበራችን የውይይት ክበቦች የሴቶች ጥያቄ ሲነሣ፣ ንግግሩ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ መሬትና ስለ ሥራ ሲዞር ይቆይና አንድ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያ በር የሴተኛ አዳሪነት በር ነው። እዚያ ሲደረስ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ቀልድ ይገባበታል፤ ወይም «ስማችንን አጠፉት» በሚል ምሬት ጉዳዩ ይዘጋል። ነገሩ በዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችንን የሚመለከት ሲሆን ደግሞ ዝምታው ይብሳል። እኛ ግን ይህ ዝምታ ሕይወት እያስከፈለ ነው እንላለን። ስለሆነም በዚህ እትም በሪያድ ከተማ፣ በዐዚዚያና በአካባቢው፣ ገላቸውን ሸጠው ለማደር ስለሚገደዱ ኢትዮጵያውያትና ስለ ኤች አይ ቪ አደጋ በግልጽ ለመጻፍ ወስነናል።

«ሴተኛ አዳሪ» የሚለውን ቃል የምንጠቀምበት ሁሉም ስለሚያውቀው ነው እንጂ በውስጡ ያለውን ስድብ ተቀብለን አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቋማችን ባጭሩ የሚከተለው ነው። እነዚህን ሴቶች ለኤች አይ ቪ የሚያጋልጣቸው የጠባይ ብልሹነት አይደለም። የሚያጋልጣቸው የመኖሪያ ፈቃዳቸው በሌላ ሰው እጅ መሆኑ፣ ሐኪም ቤት መሄድ መባረርን ማስከተሉ፣ መደፈርን መናገር ተናጋሪዋን ተከሳሽ ማድረጉ፣ በገዛ ወገናቸውም ዘንድ ስማቸው እንደ ነውር መቆጠሩ ነው። አፏን ከፍታ የምትናገርበት አንድም ስፍራ የሌላት ሴት ራሷን ከበሽታ ልትጠብቅ አትችልም። ስለዚህ የአደጋው ምንጭ የሚያስደብቃት ሥርዓትና የሚያስደብቃት ምላስ ነው።

ሠፈሩና ሰዎቹ

ዐዚዚያ በሪያድ ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኝ ሠፈር ነው። ትልቅ የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ አለው። ወደ ሌሎች የሳዑዲ ከተሞች የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚነሡበት ጣቢያም እዚያ ነው። በ2024 መጨረሻ ሥራ የጀመረው የሪያድ ሜትሮ ሰማያዊ መስመር ከሰሜን ተነሥቶ በበጥሃ በኩል ወደዚያው ይወርዳል። ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች፣ ነጋዴዎችና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠራተኞች የሚኖሩበት ሠፈር ስለሆነ ስሙን ስናነሣ ነዋሪውን ለማማት እንዳልሆነ ይታወቅልን።

ከዐዚዚያ ብዙ ሳይርቅ መንፉሃ አለ። ይህን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ጥቂት ነው። በ2013 የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ በኖቬምበር መጀመሪያ ሲያበቃ አፈሳ ተጀመረ፤ በመንፉሃ ግጭት ተነሥቶ የወገኖቻችን ደም ፈሰሰ። እስከ 2014 አጋማሽ ድረስ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። እንደ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ቁጥር፣ ከ2017 ሜይ እስከ 2019 ማርች ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 260 ሺህ የሚጠጉ እንደገና ተመልሰዋል። ከተመለሱት ውስጥ ብዙዎቹ ዕዳቸው ሳይከፈል፣ ሥራም ሳያገኙ ቀርተው በመጡበት መንገድ መልሰው ሄደዋል። በደቡብ ሪያድ ያለው የወገናችን ኑሮ የተገነባው በዚህ መባረርና መመለስ ላይ ነው።

ወደዚያ ሕይወት የሚገባው በምን መንገድ ነው?

ከወሎ ወይም ከአርሲ ገጠር የተነሣች አንዲት ወጣት እናስብ። ለጉዞዋ ቤተሰቧ በሬ ሸጧል፤ ካልሆነም በወለድ ተበድሯል። በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ከሆነ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚቀበሏቸው የአዲስ አበባ የምርመራ ማዕከላት ትመረመራለች። ደሟ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት በሽታና ለቂጥኝ ይታያል፤ ሳንባዋ ይነሣል፤ ማርገዝ አለማርገዟም ይጣራል። ከሁሉ ነጻ ከሆነች ብቻ ትሄዳለች። ሪያድ ከደረሰች በኋላም የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ማለትም ኢቃማዋን፣ ለማውጣት እንደገና ትመረመራለች። እንግዲህ «በሽታውን ይዘው የሚሄዱት እነርሱ ናቸው» ለሚለው ሐሜት አንዱ መልስ እዚሁ ላይ አለ። በዚህ መንገድ የሄደችው ሴት የገባችው ሁለት ጊዜ ተመርምራ ነው። በሽታው ከያዛት የያዛት እዚያው ነው፤ ያስያዛትም ሰው አለ።

በበረሃ የምትሄደው ደግሞ ሌላ ናት። እርስዋ በጅቡቲ በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግራ የመን ትገባለች። በየመን ስደተኞችን እያገቱ ከቤተሰብ ገንዘብ የሚያስልኩ ቡድኖች እንዳሉና በሴቶች ላይ መድፈር እንደሚፈጽሙ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ዘገባ በዝርዝር ጽፏል። ይህችኛይቱ ሪያድ ስትደርስ የሚመረምራት የለም፤ ቁስሏን የሚጠይቃትም የለም።

ከዚያ በኋላ የሁለቱም መንገድ ይገናኛል። የቤት ሠራተኛ በሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ አትታቀፍም፤ በተለየ ደንብ ትተዳደራለች። በ2021 የተጀመረውና ሌሎች የውጭ ሠራተኞች አሠሪ እንዲለውጡ በር የከፈተው ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ስለዚህ የከፊሉ ሥልጣን በእርስዋ ላይ ከባድ ነው። ፓስፖርቷ ቢያዝባት፣ ደመወዟ ለወራት ቢቀር፣ ማዳም ብትደበድባት፣ የቤቱ ጎረምሳ ቢደፍራት ያላት አማራጭ መታገሥ ወይም መጥፋት ነው። ስትጠፋ አሠሪው «ጠፍታብኛለች» ብሎ ያመለክታል። በዚያች ሰዓት ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል፤ ከሕጋዊ ሠራተኛነት ወደ ተፈላጊነት ትለወጣለች።

የጠፋችው ሴት በደቡብ ሪያድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሌሎች እህቶቿ ጋር ትጠጋለች። አብዛኞቹ በተመላላሽ ቤት ያጸዳሉ፣ ልብስ ይተኩሳሉ፣ ልጅ ይጠብቃሉ። ይህ በደንብ ይሰመርበት፤ የጠፋች ሁሉ ገላዋን አትሸጥም። ነገር ግን ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ ደላላው ድርሻውን ሲጠይቅ፣ የክፍሉ ኪራይ ሲደርስ፣ ከአገር ቤት «አባትሽ ታሟል» የሚል ስልክ ሲደወል፣ ከመካከላቸው ገላቸውን ወደ መሸጥ የሚገፉ አሉ። በደላላ ተይዘው በግድ የሚሸጡም አሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በሰዎች ንግድ ላይ በየዓመቱ የሚያወጣው ሪፖርት፣ ለቤት ሥራ ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያት በየሄዱበት በገላ ንግድ እንደሚበዘበዙ ደጋግሞ መዝግቧል።

አደጋው የሚፈጠረው የት ላይ ነው?

የዚህን በሽታ መተላለፊያ ሁላችንም እናውቃለን። ኮንዶም እንደሚከላከልም እናውቃለን። ታዲያ ዕውቀቱ ብቻ ለምን አይበቃም? የሚከተሉትን አራት ነጥቦች እንመርምር።

አንደኛ፣ ኮንዶም የሚደረገው በሁለት ሰዎች ስምምነት ነው። ስምምነት ደግሞ እምቢ ማለት የሚችሉ ሁለት ሰዎችን ይጠይቃል። ደንበኛው ለፖሊስ አንድ ስልክ ቢደውል እንደምትታሠር የምታውቅ ሴት «ያለ ኮንዶም አይሆንም» ብላ እስከ መጨረሻ መጽናት ይከብዳታል። እርሱም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውንም አደጋውንም የሚወስነው እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ከጋብቻ ውጪ የሚደረግ ግንኙነት በሳዑዲ ሕግ ወንጀል ነው። በዚህ ላይ ኢቃማ የሌላት ሴት ተደፍራ ብትከስ፣ ከሳሽ ሆና ገብታ ተከሳሽ ሆና ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ አትከስም። ደፋሪው ዳኛ እንደሌለ ስለሚያውቅ ነገም ይመለሳል። መድፈር ቁስል ያስከትላል፤ ቁስል ቫይረሱ የሚገባበትን በር ያሰፋል። ከተደፈሩ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረና ለ28 ቀናት ከተወሰደ ኤች አይ ቪን ሊያስቀር የሚችል መድኃኒት በዓለም ላይ አለ። ከፖሊስ ለምትሸሸው ሴት ግን 72 ሰዓት ማለት በራቸው የተዘጋ ሦስት ቀናት ናቸው።

ሦስተኛ፣ ምርመራው ራሱ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ሆኗል። ሳዑዲ አረቢያ ቫይረሱ ለተገኘባቸው ዜጎቿ መድኃኒቱን በነጻ ትሰጣለች፤ የውጭ አገር ሠራተኛ ላይ ከተገኘ ግን መልሱ ማባረር ነው። በ2019 ዩኤንኤድስና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች መግቢያ፣ መኖሪያ ወይም ጉዞ ላይ ገደብ የሚያደርጉ 48 አገሮችንና ግዛቶችን ሲቆጥሩ ሳዑዲ አረቢያ አንዷ ነበረች። ውጤቷ እንጀራዋን የሚያሳጣት ሴት በፈቃዷ አትመረመርም። የማትመረመር ሴት ደግሞ አትታከምም። ስለዚህ ሕጉ አወጣሁት የሚለውን በሽታ ራሱ ይደብቀዋል።

ደግሞም የምርመራ ወረቀት የትናንት ምስክር ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት፣ እንደ መመርመሪያው ዓይነትም እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። «ነጻ ነሽ» የሚለው ወረቀት ስለ ነገ ምንም አይናገርም። በወረቀቱ የሚተማመን ደንበኛ ራሱን ያታልላል፤ እርሱን ማን መርምሮታል?

አራተኛ፣ ሕክምናው ይቋረጣል። ዛሬ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። ስለዚህ ማከም ማለት መከላከል ማለት ነው። በአንጻሩ በአፈሳ ተይዛ፣ በማቆያ ሰንብታ፣ በአውሮፕላን ተጭና ቦሌ የምትጣል ሴት ሕክምና ብትጀምር እንኳ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ስደተኞች በተለያዩ አገሮች ያለ ሕክምና ዝግጅት እንደሚባረሩ ሂዩማን ራይትስ ዎችና አጋሮቹ በ2009 ባወጡት ዘገባ አስረድተዋል።

የገዛ አገራችን ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የኤች አይ ቪ ምልክት የተገኘው በ1984 በተቀመጠ ደም ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በ23 ከተሞች በሴተኛ አዳሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት 17 ከመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በ1998 አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ጤና ጣቢያዎች በተመረመሩት ሴቶች ላይ ግን 73.7 ከመቶ ደረሰ። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ማለት ነው። እነዚህ ሴቶች ቫይረሱን ከሰማይ አላወረዱትም። ወደ ቡና ቤቱና ወደ አረቄ ቤቱ ያመጣላቸው የሾፌሩ፣ የወታደሩ፣ የነጋዴውና የባለሥልጣኑ ገንዘብ ነው። ያ ወንድ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለሚስቱም አደረሰ። በሕዝቡ ዘንድ ግን ስሙ የጠፋው የእርስዋ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? ኮንዶም በርካሽ በየኪዮስኩ ተሸጠ። ሴቶቹ ራሳቸው ሠልጥነው ጓደኞቻቸውን አስተማሩ። ከ2005 ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ ይሰጥ ጀመር። ለሴተኛ አዳሪዎች የተመቹ ክሊኒኮች ተከፈቱ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም አስቀድሞ የሚወሰደው መከላከያ ክኒን፣ ፕሪፕ የሚባለው፣ ተጨመረ። በ2020 በ16 ከተሞች ከ6 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ በተካሄደ ጥናት መጠኑ 18.7 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ጥናቶች በቦታም በአሠራርም አንድ ስላልሆኑ ቁጥሮቹን እንደ ሚዛን ልናነጻጽራቸው አንችልም፤ በመካከሉም ብዙዎቹ እንደ ሞቱ መርሳት የለብንም። ይሁን እንጂ አቅጣጫው ግልጽ ነው። በሌላ በኩል 18.7 ከመቶ ራሱ ብዙ ነው፤ በ2016 በአገር አቀፍ ጥናት በአዋቂዎች ላይ የተገኘው መጠን 0.9 ከመቶ ብቻ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በኢትዮጵያ ሕግ ደላላውና አቃጣሪው ይቀጣሉ፤ ገላዋን የምትሸጠው ሴት ግን በዚያ ብቻ ወንጀለኛ አትባልም። ስለዚህ ክሊኒክ ልትሄድ ትችላለች። የአዲስ አበባዋና የዐዚዚያዋ ሴት ምናልባት የአንድ መንደር ልጆች፣ ምናልባትም እህትማማቾች ናቸው። የአንደኛዋን አደጋ ከሌላዋ የሚለየው በሩን አንኳኩታ ልትገባበት የምትችለው ክሊኒክ መኖሩ ነው። ይህ ልዩነት ከየትኛውም ስብከት የበለጠ ያስረዳል።

ሦስት የተሳሳቱ አመለካከቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ በውጭ ባሉ የአገር ልጆች መካከል ሦስት አመለካከቶች ይሰማሉ። ሦስቱንም አንቀበልም።

የመጀመሪያው «አገር አሰዳቢዎች ናቸው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ሴቶቹ በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ ስንት ወንድም እንዳስተማረ፣ ስንት ጣራ ቆርቆሮ እንዳለበሰ አይቆጥሩም። ገንዘቡን እየተቀበሉ ላኪዋን መስደብ ግብዝነት ነው። ከግብዝነቱ ይልቅ የሚከፋው ግን ጉዳቱ ነው። ስድቡ በስልክና በወሬ ሪያድ ይደርሳል። የታመመችው ሴት ለክፍል ጓደኛዋ እንኳ እንዳትናገር ያደርጋል። በዚህ ረገድ ሐሜታችን ከባዕድ አገር ፖሊስ ጋር አንድ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው «ሁሉንም ሰብስቦ ወደ አገር መመለስ ነው» የሚለው ነው። ከልብ አዝነው የሚናገሩት ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። መመለስ የምትፈልግ ሁሉ መንገዱ ሊመቻችላት ይገባል። ነገር ግን በ2013ም በ2017ም የታየው፣ በግድ መመለስ ዕዳውንም ድህነቱንም እንደማይመልስ ነው። እነዚህ ሴቶች ዕቃ አይደሉም፤ ስለ ራሳቸው ሕይወት ያስባሉ፤ ይወስናሉ። ለእነርሱ የሚደረግ ነገር ሁሉ ከእነርሱ ጋር ካልተመከረ መና ይቀራል።

ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበው ነው፤ «ችግሩ የሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ ሲለወጥ አብሮ ይጠፋል» ይላል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተማሪው ንቅናቄ ጽሑፎች ይህ አስተሳሰብ ሰፊ ቦታ ነበረው። ሴተኛ አዳሪነት የድህነትና የጭቆና ልጅ መሆኑን መናገሩ ትክክል ነበር። ሆኖም በ1974 የቆየው ሥርዓት ወደቀ፤ ቡና ቤቶቹ ግን አልተዘጉም። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ወይም ሲሞላ ቫይረሱ ደረሰባቸው። ድህነት እስኪጠፋ፣ የከፊል ሥርዓት እስኪፈርስ ድረስ መታገል ግዴታ ነው። ይሁንና ዛሬ ማታ በዐዚዚያ አንዲት ክፍል ውስጥ ያለችው ሴት ዛሬ ማታ ኮንዶም ያስፈልጋታል። የረጅሙ ትግልና የዛሬው እርዳታ አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው የሁለተኛው ስንፍና ነው።

ከሌላው ዓለም

በካልካታ ከተማ ሶናጋቺ የሚባል ሴተኛ አዳሪዎች የሚበዙበት ሠፈር አለ። በ1992 ዶክተር ስማራጂት ጃና የሚባሉ ሐኪም እዚያ የጤና ሥራ ጀመሩ። እርሳቸው ሴቶቹን ለመገሠጽ አልሄዱም፤ ከሴቶቹ መካከል አስተማሪዎችን መረጡ፣ አሠለጠኑ፣ ደመወዝ ከፈሉ። ሴቶቹ በ1995 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በአንድ ድምፅ «ያለ ኮንዶም የለም» ማለት ሲጀምሩ ደንበኛው ከአንዷ ቤት ወጥቶ ሌላዋ ዘንድ የሚሄድበት ምክንያት ቀረ። በሌሎች የህንድ ከተሞች የቫይረሱ መጠን በሴተኛ አዳሪዎች ላይ ሲያሻቅብ በሶናጋቺ ዝቅ ብሎ ቆየ። ለብቻዋ ስትሆን እምቢ ማለት ያልቻለችው ሴት በማኅበር ሆና ቻለች። ለማኅበር አባላት ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። የገላ ንግድን ከወንጀልነት ማውጣት በዐሥር ዓመት ውስጥ በሴተኛ አዳሪዎችና በደንበኞቻቸው መካከል ከሚከሰቱ አዳዲስ የኤች አይ ቪ መያዞች ከ33 እስከ 46 ከመቶ የሚሆነውን ሊያስቀር እንደሚችል አስልቷል።

«የሳዑዲ ሕግ አይለወጥም» የሚል አለ። አሜሪካ ራሷ ከ1987 ጀምሮ ኤች አይ ቪ ያለበትን የውጭ አገር ሰው አላስገባም ስትል ቆይታ ክልከላውን ያነሣችው በ2010 ጃንዋሪ ነው። ያም ሕግ በራሱ አልተነሣም፤ ለዓመታት የተሟገቱ ሕሙማንና ሐኪሞች ነበሩ።

ምን መደረግ አለበት?

ከላይ ካልነው የሚከተሉት ተግባራት ይመነጫሉ። ሁሉም በአቅማችን ውስጥ ናቸው።

ሀ) ቋንቋችንን እናጥራ። በስብሰባችን፣ በዕድራችን፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ደጃፍ ስለ እነዚህ ሴቶች በስድብ የሚናገረውን ዝም ብለን አንለፈው። የወንዱን ደንበኛ ድርሻ ሳያነሣ ስለ ሴቷ ብቻ የሚናገር ሰው ግማሽ እውነት እየተናገረ መሆኑን እንንገረው።

ለ) ዕውቀቱን በቋንቋቸው እናድርስ። የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎቻችን ስለ ኮንዶም፣ ስለ 72 ሰዓቱ መድኃኒት፣ ስለ ምርመራ ጊዜ፣ ስለ ሕክምና ጥቅም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አጭር የድምፅ መልእክት ያዘጋጁ። ከወረቀት ይልቅ ድምፅ የምንለው ብዙዎቹ ትምህርት ሳይጨርሱ ስለሄዱና ወረቀት ሲያዝ ማስረጃ ስለሚሆን ነው። መልእክቱ ለሁሉም የቤት ሠራተኞች የተነገረ ይሁን፤ ስሙ የማንንም ሴት ማንነት አያጋልጥ።

ሐ) መንግሥታችንን እንጠይቅ። ኢትዮጵያ ከሳዑዲ አረቢያ ጋር በሠራተኞች ጉዳይ ስትዋዋል ደመወዝና ውል ብቻ ሳይሆን ጤናም ይነሣ። የምርመራ ውጤቷ በምስጢር ይነገራት፤ የተደፈረች ሴት ሳትታሠር ሕክምና ታግኝ፤ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ያልተከፈላት ደመወዝ ሳይሰጣት፣ መድኃኒትም ሳትይዝ አትባረር። በሪያድ ያለው ኤምባሲ ወደ እርሱ የምትሸሸውን ሴት በመጀመሪያ እንደ ዜጋ ይቀበላት፤ የወረቀቷ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

መ) ተመላሾችን አንርሳ። ቦሌ የምትወርደው ሴት በፈቃዷ የምትመረመርበት፣ ውጤቷን ከእርስዋ በቀር ማንም የማያውቅበት፣ ሕክምናዋን በዚያው ሳምንት የምትጀምርበት መንገድ ይኑር። ይህ አሁን የበለጠ አስቸኳይ ነው። በ2025 ጃንዋሪ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች በኢትዮጵያ ውላቸው ተቋርጧል። ለሴተኛ አዳሪዎች የተከፈቱት ክሊኒኮች በአብዛኛው የቆሙት በውጭ ገንዘብ ነበር። በባዕድ ገንዘብ ብቻ የቆመ ጤና ባዕዱ ፊቱን ሲያዞር እንደሚወድቅ አይተናል።

ሠ) አዲሱን መድኃኒት እንከታተል። በ2024 በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በወጣት ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሌናካፓቪር የተባለውን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ መርፌ ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲቷም በቫይረሱ አልተያዘችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ጁላይ እንዲሰጥ መክሯል። ክፍሏ ለሚበረበር፣ ክኒን ማስቀመጥ ለማትችል ሴት በሰውነቷ ውስጥ የሚቀመጥ ለስድስት ወር የሚቆይ መከላከያ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ለባሕር ማዶ ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት በፈቃዳቸው የሚሰጥበት ቀን እንዲመጣ የጤና ተማሪዎቻችን ከዛሬ ጀምሮ ይጠይቁ፤ ይጻፉ። ዛሬ በአዲስ አበባ የምርመራ ማዕከል ሴቷ የምትመረመረው ሌላው ከእርስዋ እንዲጠበቅ ነው። እርስዋ ከሌላው እንድትጠበቅ የሚሰጣት ነገር የለም። ይህ መገልበጥ አለበት።

የማኅበራችን አባላት ሆይ፤ እኛ በባዕድ አገር የምንኖረው በፓስፖርትና በተማሪ መታወቂያ ነው። ስንታመም ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ ሐኪሙም ምስጢራችንን ይጠብቃል። በዐዚዚያ ያለችው እህታችን የተሰደደችው እኛ ከተሰደድንበት አገር ነው። በመካከላችን ያለው ልዩነት የጨዋነት ሳይሆን የወረቀት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ከ«ሀ» እስከ «ሠ» ያሉት ነጥቦች በአጀንዳ ተይዘው ድምፅ እንዲሰጥባቸው፣ ለድምፅ መልእክቱ ሥራም ኮሚቴ እንዲመረጥ እንጠይቃለን። የሚቃወም ካለ በግልጽ ተነሥቶ ይናገር። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተቃውሞ ይልቅ የሚገድለው ዝምታ ነውና።